የተቆለፈው በር

አዳም የግቢውን በር ቆለፈና፣ «እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ለመንገድ መዞር ይብቃሽ፤ ሰው እየሳቀብኝ ነው» አላት። እናቱ ደብሪቱ በንዴት ጦፈች። በየማለዳው ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር እስከ ፍላቂት ገበያ በእግር መሄድ ከጀመረች ወዲህ ስኳሯ እንደወረደላት፣ ባሏን ከቀበረች በኋላ የራቃት እንቅልፍም እንደተመለሰላት ልጇ በዓይኑ አይቷል።

«ደብሪቱ፣ አረፈድሽብን እኮ» ስትል ከጎረቤቶቿ አንዷ ሀፊዛ ከውጭ ተጣራች።

«ልጄ ቆልፎብኛል» አለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«እንግዲያው እኛ እንገባለን፤ ክፈት አዳም» አለች ሀፊዛ።

እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ነውና ከፈተላቸው፤ እንደገቡም መልሶ ቆለፈው። ሦስቱ ሴቶች በአክብሮት ሰላም ብለውት አለፉ። ከዚያ ደብሪቱን መሃል አድርገው ቤቱን መዞር ጀመሩ፤ በገብስ ክምሩ በኩል፣ በቆመው ባጃጁ ጎን፣ በራሱ በአዳም ፊት። በሁለተኛው ዙር ጎረቤቶች ባጥሩ ላይ አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ።

በሦስተኛው ዙር አዳም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። «በቃ፣ ሂዱ» አለ አቀርቅሮ።

ደብሪቱ ግን ንዴቷ ገና አልበረደም። የሀፊዛን ክንድ ይዛ በተከፈተው በር አጠገብ አለፈችና አራተኛውን ዙር ጀመረች።