ሳይከፈት በረዶ የሚሰጠው ፍሪጅ

ወይዘሮ ሙሉመቤት መካኒሳ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ሰውየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ካገር ወጣ፤ ቪላው ተወረሰ፤ እሳቸው ዕቃ ጠባቂ ተብለው ቀሩ።

አንድ ልጃቸው ነጋ ይፈለጋል። ጊዜው የቀይ ሽብር ነው። ከተያዘ የሚገኘው ሬሳው ነው፤ እሱም እናቱ ዕድለኛ ከሆኑ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ወጋየሁና ጠመንጃ ያዡ ዱጉማ ግቢውን በርግደው ገቡ።

«እማማ፣ ልጅዎን ያውጡ!»

«እኔስ መች አገኘሁት? ካያችሁት ለእኔም ንገሩኝ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። ዓይናቸው ግን ወደ ኮርኒሱ ሄድ ብሎ ተመለሰ።

ወጋየሁ አየ። እሱን ምን ያመልጠዋል!

ዱጉማ ኮርኒሱን በሰደፍ ሰብሮ ወጣ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ግድግዳ ይዘው በሆዳቸው ለሐና ማርያም ተሳሉ። ከላይ ግን ከአቧራና ከአይጥ በቀር የወረደ የለም።

አልጋ ስር፣ ቁም ሣጥን፣ የውሃ በርሜል፣ ምድጃው ሳይቀር ተበረበረ። ዕቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ የተደገፉ የሽቦ መደርደሪያዎች ተገኙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ዱጉማ።

«ሥጋ መጥበሻ ነዋ!» አለ ወጋየሁ። መቼም የማያውቀው ነገር የለም።

በላብ ተጠምቀው ወጥ ቤት ገቡ። የአሜሪካዊው ፍሪጅ ባለ ሁለት በር፣ የሚያክለው የለም፣ ጥጉን ሞልቶ ቆሟል።

«ደከማችሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ልስጣችሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። ከቧንቧ ውሃ የቀዱበትን ብርጭቆ በሩ ላይ ካለው ቀዳዳ ስር አድርገው ተጫኑት። ፍሪጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቋ! በረዶ ወደቀ።

ዱጉማ ዘሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። «በስመ አብ! ጋኔን አለበት!»

«ጋኔን የሚባል የለም፤ ሳይንስ ነው» አለ ወጋየሁ።

ዱጉማ ሳይንሱን ሊያይ መክፈቻውን ያዘ። ወጋየሁ እጁን በጥፊ መታው።

«አትክፈት፣ አንተ ደንቆሮ! ፈረንጅ ቀዳዳውን በሩ ላይ ያበጀው ለምን ይመስልሃል? በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ያመልጣል!»

«መማር ደጉ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት።

ወጋየሁ ደረቱን ነፍቶ ብርጭቆውን ራሱ ደገነ። «ሁለት!» አለ ለቀልድ። ቋ፣ ቋ። «ሦስት!» ቋ፣ ቋ... ቆየት ብሎ፣ ቋ።

«ኧረ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው!» አለ ዱጉማ።

«ኢምፔሪያሊስት ሳይቆጥር ሰጥቶ ያውቃል?»

ሳቁ፤ ጠጡ፤ ደገሙ። የመጡበትም ነገር ተረሳ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ፍሪጁን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄማ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ እኔ ቢሮ ይቀመጣል» አለ።

ገፉት። ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሲገፉት ዱጉማ ወለሉ ላይ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠልፎት በአፍጢሙ ተደፋ።

«የአሜሪካ ዕቃ ሲከብድ!» አለ ወጋየሁ እያለከለከ። «ነገ መኪናና ሰው ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ በኃላፊነት ይጠየቃሉ!»

«ምን በወጣኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሸኟቸው። የግቢውን በር ቀርቅረው፣ ከመኝታ ቤት ጋቢ ይዘው ወደ ወጥ ቤት ተመለሱና ፍሪጁን ከፈቱት።

«እማዬ» አለ ነጋ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «አንድ ብርጭቆ ቢጨምሩ ኖሮ በረዶው አልቆብኝ ነበር።»