ሰማንያ ስድስት

«ኦርቪልን ሰማንያ ስድስት በዪው» አላት አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዱሉዝ ከተማን በረዶ ከጫማው እያራገፈ ወደሚገባው ሽማግሌ በአገጩ እየጠቆመ። አስተናጋጇ ራሞና የያዘችው የቡና ማንቆርቆሪያ ከበዳት። በቁርስ ቤቱ ቋንቋ ምግብ ሰማንያ ስድስት ሆነ ማለት አለቀ ማለት ነው፤ ሰው ከሆነ ግን ከእንግዲህ አይስተናገድም። ይህን ያስተማራት ራሱ ኦርቪል ነበር፣ እዚያው ምድጃ ላይ ያረጀው ምግብ አብሳይ።

«አንተ ንገረው እንጂ፣ እኔ በምን አፌ?»

«ትናንትም ጓዳ ገብቶ ጋዙን ከፍቶ ትቶት ሄደ። ጡረታ መውጣቱን እንኳ ረስቷል። አንድ ቀን ከነቤቱ ያነደናል» አለና ፊቱን አዞረ። እውነቱን ነበር።

ኦርቪል እንደ ወትሮው ባንኮኒው ጋ ተቀመጠና በአፉ ተደፍቶ የተቀመጠውን ስኒ ቀና አደረገ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ሰማንያ ስድስት የሆነው ምንድን ነው?»

አፏን ከፈተች። የራሱን ስም ልትጠራለት አስባ ነበር፤ አንደበቷ እንቢ አላት። «ፓንኬኩ» አለች፣ ሌላ የምትለው ቢጠፋት።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ታዲያ ምነው ቀደም ብላችሁ አትጠሩኝም?» አለና እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ምድጃው አመራ።