የ«ማ» ፈተና
ፕሮፌሰሩ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ነቀሉና «ከሠላሳ ሃያ አራት» አሉ። ልጅቷ ጥያቄውን ግማሽ መልሳዋለች። በጣሊያንኛ «ግን» የምትለዋ «ማ» ጥንት በላቲን «ማጊስ» ተብላ «ይበልጥ» ማለት እንደነበረች፣ ሰው «ይህ ሳይሆን ይበልጥ ያኛው» ሲል ሲል ትርጉሟ እንደዞረ አስረድታለች። «እስቲ ይህን የሚያሳይ የጥንት ጽሑፍ ጥቀሺ» ሲሏት ግን አንድም እንዳላነበበች አመነች። ከሃያ ስምንት በታች ያመጣ ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ከእሳቸው ጋር አይሠራም፤ ልጅቷ ግን ከእሳቸው ጋር መሥራት ነበር የምትፈልገው።

በጣሊያን ዩኒቨርሲቲ የቃል ፈተና በሰው ፊት ስለሚደረግ የልጅቷ እናት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሃያ አራት ያሳልፋል፤ ውጤቱን እምቢ ማለትም መብት ነው፤ እምቢ ያለ ግን በመስከረም እንደ አዲስ ይፈተናል፣ ሊወድቅም ይችላል። እናትየው የልጇ መውደቅ ካሁኑ ታያት። «ተቀበዪው፣ የኔ ልጅ!» አለች ሳታስበው ጮክ ብላ።

«ሲኞራ፣ ተፈታኟ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አላት አጠገቧ ተራ የሚጠብቅ ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ልጅቷ ዞራ አላየችም። እስክሪብቶው የውጤት ወረቀቱን ሊነካ ሲል መዳፏን ዘርግታ ሸፈነችው። «አልቀበለውም፣ ፕሮፌሰር። ምን ላንብብ?»

ሰውየው እጇን ለአፍታ አዩና እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ከዚያ የጥንት የፍሎረንስ ሰባኪዎችን ስብከቶች፣ የሚገኙበትን የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ጭምር፣ አንድ በአንድ ይነግሯት ጀመር። ልጅቷ የምትጽፍበት አልያዘችም። እናትየው ከኋላ፣ አንዱም እንዳይጠፋባት የሚጠሩትን ስም ሁሉ በከንፈሯ እየደገመች ትይዝ ነበር።