ከቢዮ አዋሌ የመጣችው ላም

ላሟ ወተቷን ከለከለች። ደቻቱ ወንዝ ዳር የበልግ ዝናብ ያበቀለውን ለምለም ሣር ስትግጥ ውላ ጡቷ ተወጥሮ ነበር የገባችው፤ ጥጃዋ ግን ከትናንት ወዲያ ሞቶባታል። ሴትዮዋ የማለቢያውን ግሬራ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ የላሟን ጡት በቅቤ እያሸች፣ «እሺ በይኝ የኔ እመቤት፣ የምትታመሚው አንቺ ነሽ» ብትላትም ላሟ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም።

«የሸጠችልን የቢዮ አዋሌዋ ሴት በኦሮምኛ እያንጎራጎረችላት ነበር የምታልባት» አለች፣ በር ላይ ለቆመው ባሏ። «ጎረቤታችንን ዳሃቦን ልጥራትና ታንጎራጉርላት?» ባሏ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር፤ ገበያ ውስጥ በኦሮምኛ ሲያናግሩት በአማርኛ የሚመልስ፣ የሌላውን አማርኛ ሳያርም የማያልፍ ሰው። «ተይ፣ አትጥሪያት» አለ። የመሥሪያ ቤት ኮፍያውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ሚስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለና ግንባሩን የላሟ ሽንጥ ላይ አሳርፎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ማንጎራጎር ጀመረ። አንድም ቃል አልጠፋበትም። ላሟ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ወተቱም ግሬራውን መምታት ጀመረ።

ሴትዮዋ ማለቧን ሳታቋርጥ አየችው። በአሥራ አራት ዓመት ትዳራቸው ስለ እናቱ የነገራት ነገር ቢኖር መሞቷን ብቻ ነበር። ግሬራው አረፋ ይዞ ሲሞላ እንጉርጉሮው ቆመ፤ እሱ ግን ግንባሩን ከላሟ አላነሳም።

«እናትህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?» አለችው።

«ሮባ።»

«ሮባ» አለች፣ ላሟን ላለማስደንገጥ ቀስ ብላ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።