የደፈዓላ ጥሪ

በቡታና ሜዳ የሰው ድምፅ በማስመሰል የሚበልጠኝ የለም፤ ካለ ይምጣና እንየው! የሼኹን ሳል፣ የአክስቴን ልቅሶ፣ ሁሉንም እችላለሁ። አባቴን ደፈዓላን አምና ወንዙ ሞልቶ ከወሰደው ወዲህ በጎቻችንን በረት የማስገባው በእሱ ድምፅ ነው፤ የሌላ ሰው ጥሪ አይሰሙማ። እማዬ እንዲህ ስጣራ በሰማችኝ ቁጥር ሥራዋን ትታ ትቆማለች።

ዛሬ የከብት ሐኪሙ ሙባረክ በበረዶ የታሸገ ክትባት ይዞልን መጣ። የጎረቤቶቻችን በጎች አፋቸው ቆስሎ፣ አስቀምጧቸው አልቀዋል። የተረፉት የእኛ ብቻ ናቸው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። እነሱም ሜዳው ላይ ተበታትነው ነበር።

«ፍጠኚ እንጂ አንቺ ለፍላፊ! በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውሃ ነው» አለኝ።

«ዶክተር፣ አንተ መርፌህን ያዝ። አባቴን አስመጣልሃለሁ» አልኩት እየሳቅሁ።

እጄን አፌ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ሳብሁ። ገና ሳልጮህ የአባቴ ጥሪ ተሰማ፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል። ያቺ ስብራት ለእኔ አንድም ቀን ተሳክታልኝ አታውቅም። በጎቹ በአንድነት ቀና አሉ። ወደ በረቱ ግን አልመጡም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን አባቴን ወደ ወሰደው፣ አሁን ወደ ደረቀው ወንዝ ተመሙ።

«ማነው የጠራቸው?» አለ ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ።

እንዲመለሱ ብዬ በአባቴ ድምፅ ጮኽሁ። አንዲትም አልዞረች። ደግሜ አፌን ስከፍት እማዬ ሥራዋን ጥላ መጥታ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ዝም በይ አንቺ! እሱን ልስማው።»