የትልቋ ዓሣ ቦታ

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ዓሣዎቿን የሚመግበው እሱ ነው። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ የባሕር ዓሣዎች ነበሩ። ሳሎን ባለው የመስታወት ገንዳ፣ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ ላይ እንደ አበባ በሚወዛወዝ ተናዳፊ እንስሳ መሃል ይኖራሉ፤ እንስሳው ሌላውን ዓሣ ይገድላል፣ እነሱን ግን አይነካም። ትልቋ፣ ሴቷ ዓሣ፣ እመቤቷ በሞተች በሳምንቱ ሞተች።

«ለወንዱ ሌላ ሴት ልግዛለት?» ሲል ዓሣ ሻጩን ጠየቀው።

«ምን በወጣህ ወንድሜ! ሴቷ ስትሞት ወንዱ ራሱ ሴት ይሆናል። ባሕር ውስጥም እንዲሁ ናቸው። ቦታዋ ባዶ አይውልም።»

ልብስ ሰፊው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የቀረው ዓሣ እውነትም እየወፈረ፣ ትልቋን እያከለ ሄደ።

አንድ ማለዳ ብርዱ ሲጠናበት፣ በር ላይ የተሰቀለውን የሚስቱን ካፖርት ደረበ። ራሱ ለክቶ የሰፋላት ነውና ትከሻው ላይ እንደሚጠበው ያውቃል። ልክክ አለለት። ጨርቁ ሰፍቶ ይሆናል አለ በልቡ። ጨርቁ እንደማይሰፋ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የዓሣውን ምግብ በትኖ ሳይጨርስ ትንሿ ልጁ ከመኝታ ቤት እንደ ልማዷ ተጣራች።

«እማዬ!»

ይህን ጥሪ በሰማ ቁጥር ሄዶ ያቅፋት ነበር። ዛሬ ግን አፉ ቀደመው።

«ወዬ፣ የኔ እናት!»

ከአፉ የወጣው የሚስቱ ድምፅ ነበር።

ልጅቷ ካልሲዋን አንጠልጥላ መጣች። ቀና ብላ አየችው፤ አልደነገጠችም። እንዲያጠልቅላት እግሯን ዘረጋችለትና ወደ ስፌት መኪናው ባዶ ወንበር ዞረች።

«እማዬ፣ አባዬ ዛሬም አይመጣም?»