የእህቱ አውራ ጣት

«የሚመለሱት መቼ ነው?» አለ የመውጫ ቪዛ ሰጪው። ጡረተኛው ዋስ እንድትሆነው እህቱን ይዞ መጥቷል። ጅቡቲ ካለው ቤቱ፣ ከሚስቱ ዘንድ ከገባ ላይመለስ ቆርጧል። እህቱ ግን ይህን አታውቅም።

«በወሩ ነዋ ጓድ!» ብላ ቀደመችው። «ይሄ ሽበታም የት ይሮጣል ብለው ነው?»

ቪዛ ሰጪው አልሳቀም። «ከቀረ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ፤ ዋሱ አንቺ ነሽ።»

«ይመለሳል አልኩ እኮ» አለችና አውራ ጣቷን ቀለም አስነካች። ጣቷ የዋስትናው ወረቀት ላይ ሊያርፍ ሲል ወንድሟ የእጇን አንጓ ያዘ። ቀና ብላ ዓይኑን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ልትቀር ነበር?» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

ሳትፈርም ይዟት ወጣ። ውጭ ሲደርሱ ቀለሙን በመሐረቡ ጠረገላት። ከዚያ ቴሌ ገብቶ ለሚስቱ ቴሌግራም ላከ፦ «መውጣት አልቻልኩም። አንቺ ነይ።»

መልስ አልመጣም።